ጋሼ ዘለቀና የስዊሶቹ ሣጥን

የጋሼ ዘለቀን ሞት የሰማሁት እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ባለው ኮሚኒቲያችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከላይ «አቢዴል ሰፈር ቤዝመንት ለሬንት፣ ሴት ብቻ» ይላል። ከታች «የእራት ትኬት አላለቀም፣ ፍጠኑ» ይላል። መሐል ላይ ሊቀመንበራችን አቶ ግርማ «ወንድማችን አቶ ዘለቀ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል» ብለው ጽፈዋል። አንዱ ቸኩሎ አውራ ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረ ምልክት ላከ። ሌላው «ነፍስ ይማር። ቤዝመንቱ ፓርኪንግ አለው ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

ኤርፖርት ብሬክ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ከዚያ ግን ሳንድዊቼን ጠቅልዬ ሽንት ቤት ገባሁና እስክጠግብ አለቀስኩ።

የተዋወቅነው እዚያው ኤርፖርት ነው፤ እኔ ሴኩሪቲ፣ እሳቸው ጽዳት። ቀጭን፣ አጭር፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ደስ የሚሉ ሰው ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ሰው ወሬ ሲጀምር ጠቋሚ ጣታቸውን ያነሱና «ማን ነገረህ? ለነገረህስ ማን ነገረው?» ይላሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሠርግ ላይ አይጠራም። ከተጠራም ሙሽራው ጠረጴዛ አጠገብ አይቀመጥም።

አንድ ቀን ብሬክ ሩም ውስጥ ስለ አያቶቻችን ተነሣ። ካልጋሪ ውስጥ አያቱ ደጃዝማች ያልሆነ ሐበሻ የለም። አንዱ የኔ አያት ሦስት ወረዳ ያስተዳድሩ ነበር ሲል፣ ሌላው የኔ አምስት አለ። ጋሼ ዘለቀ ሾርባቸውን እየጠጡ ሲሰሙ ቆዩና፣ «እኔ የማይገባኝ» አሉ፣ «ይህን ሁሉ ደጃዝማች ማን አርሶ ያበላው ነበር?» ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ማንም አላናገራቸውም።

ወጣት ሳሉ በደርግ ጊዜ ለማተሚያ ቤት ሙያ ምሥራቅ ጀርመን ተልከው ነበር። በቤታቸው ያረፉባቸው ጀርመናዊት አሮጊት ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር፣ በየእሑዱ የሟች ባለቤታቸውን ደብዳቤዎች ያስነብቧቸዋል። ደብዳቤዎቹ የተጻፉት ዛሬ ጀርመኖቹ ራሳቸው በማያነቡት፣ እንደ መጋዝ ጥርስ በተደረደረ የድሮ የእጅ ጽሕፈት ነው። ጋሼ ዘለቀ ያን ጽሕፈት ለምደው ተመለሱ። ካልጋሪ ግን የሰጠቻቸው መወልወያ ነው። «ጀርመንኛዬ እዚህ አገር አንድ ጊዜ ጠቅሞኛል፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማኑዋል አንብቤበታለሁ» ይሉ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ለኮሚኒቲው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። መጀመሪያ የመጡት ሰዎች እያረጁ ነው፤ ደብዳቤያቸውን፣ ካሴታቸውን፣ በረዶ ላይ የተነሡትን ፎቶ እንሰብስብ አሉ። ስብሰባው ላይ እኔም ነበርኩ። በዓመታዊው እራት ላይ ከፍ ያለው መድረክ ላይ ማን ይቀመጣል በሚለው ላይ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። የጋሼ ዘለቀ ነገር «ለሚቀጥለው አጀንዳ» ተባለ። የሚቀጥለው አጀንዳ ሳይመጣ ኮሚኒቲው ለሦስት ተከፈለ።

እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው ላይብረሪ ገብተው ጋዜጣ ሲያገላብጡ ግድግዳው ላይ አንድ ማስታወቂያ አዩ። ከካልጋሪ አንድ ሰዓት ተኩል በሚርቅ ኖይሆፍ በሚባል የገጠር ቀበሌ የስዊስ ሰፋሪዎች ቅርስ ማኅበር አለ፤ የድሮ ጀርመንኛ የሚያነብ በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋል። ጋሼ ዘለቀ ደወሉልኝ። ዓይናቸው ስለደከመ መንጃ ፈቃዳቸውን ተቀምተው ነበር።

«ሰብለ፣ ቅዳሜ ኦፍ ነሽ?»

«ነኝ ጋሼ። ምነው?»

«ስዊዘርላንድ ታደርሺኛለሽ።»

ኖይሆፍ ማለት ስድሳ ሰው፣ አንድ ቤንዚን ማደያ፣ ዙሪያውን ጠፍጣፋ የስንዴ እርሻ ነው። ኮረብታ እንኳ የለውም። የማኅበሩ ሙዚየም አንድ ክፍል ያለው የድሮ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ መስኮቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ደጁ ላይ መስቀል ያለበት ቀይ ባንዲራ አለ። በሩ ላይ የዘጠና አንድ ዓመት አሮጊት ተቀምጠው ብስኩት ያድላሉ፤ ኤልሲ ይባላሉ። ውስጥ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዋልተር ቆሟል። ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ የካውቦይ ባርኔጣ የማያወልቅ፣ የቀበሌው መሥራች የኡልሪክ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ስዊዘርላንድ አንድ ጊዜ ሄዶ መንገዱ ጠባብ፣ ምግቡ ትንሽ ነው ብሎ ተቆጥቶ ተመልሷል። ጀርመንኛ ሦስት ቃል ያውቃል፤ አንዱ ቋሊማ ነው።

ጋሼ ዘለቀን ከላይ እስከ ታች አያቸውና ፊቱ በራ። «እንኳን መጣህ! ባልዲው ከኋላ ነው» አለ።

አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ዘለቀ ክንዴን ያዙኝ። ኮታቸውን አወለቁ። ባልዲውን አምጥተው ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ወለወሉት፤ የኤልሲን ወንበር እንኳ አላስቀሩም። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ዋልተር ፊት ቆሙ።

«ይህ የሙያዬ ነው» አሉት በእንግሊዝኛ። «የመጣሁት ግን ጀርመንኛ ለማንበብ ነው።»

ዋልተር እንደ ባንዲራው ቀላ። ለማካካስ ይመስላል፣ ግድግዳው ላይ በወርቅ ክፈፍ ወደ ተሰቀለ አሮጌ ወረቀት ወሰዳቸው። «የመሥራቹ ጸሎት» ይባላል። በየዓመቱ ነሐሴ መግቢያ ላይ በሚከበረው የስዊሶች ቀን ሕዝቡ ባርኔጣውን አውልቆ ለዚህ ወረቀት ይቆማል። ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም። ድሮ አንድ ሰው «እግዚአብሔር» የሚለውን ቃል ለይቶ አውጥቶ ነበር፤ የቀረውን እምነት ሞላው።

ጋሼ ዘለቀ መነጽራቸውን ቀይረው ተጠጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ተረጎሙት፦

«ላማችን ብሉም ሆዷ ከተበላሸ ስድስት ቀን ሆነ። የላክህልን ዱቄት አልረዳትም፤ ይባስ ብሎ ግድግዳው ሁሉ ተረጭቷል። ሌላ መድኃኒት ካለህ ላክልን፤ ከሌለህ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ዝም በል።»

ዋልተር «እርግጠኛ ነህ?» አለ።

«የላሟ ስም ሳይቀር ተጽፏል።»

ከበሩ በኩል እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ሰማን። ኤልሲ ናቸው፤ እየሳቁ እንባቸው ይፈሳል። «ስድሳ ዓመት!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «ስድሳ ዓመት ሙሉ ለተቅማጥ ቆሜያለሁ!»

«ቢሆንም» አለ ዋልተር፣ «እግዚአብሔር ተጠቅሷል።»

ክፈፉን አላወረዱትም። ቢወርድ ግድግዳው ላይ ምልክት ይቀራል ተባለ።

እንዲህ ሆኖ ጋሼ ዘለቀ የማኅበሩ መዝገብ ጠባቂ ሆኑ። ደረታቸው ላይ የሚለጠፍ የስም ካርድ ተሰጣቸው፤ «ዘሊግ» ይላል። ሁለት ጊዜ እንዲታረም ጠየቁ፣ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ተጠየቁ፣ ካርዱ ግን ያው ሆኖ ቀረ። የክፍሉ ትልቁ ነገር በብረት የታሰረ የእንጨት ሣጥን ነው። ኡልሪክ የቀበሌው የመጀመሪያ ፖስታ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ሣጥኑ የሱ ነው። በሰውም ዘንድ የተከበረ ነው፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ጋሼ ዘለቀ ቁልፉን ለወራት ጠየቁ። ዋልተር «ቅርስ ነው» ይላል፣ ቅርስ ማለት የማይከፈት ነገር ይመስል።

ዕድል የመጣው በፎርም ነው። ማኅበሩ ከመንግሥት ድጋፍ ለመጠየቅ የሚሞላው ቅጽ ላይ «ብዝኃነት» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ እዚያ የሚጻፍ ከሌላ ዘር የሆነ ሰው ደግሞ ኖይሆፍ ውስጥ የለም። ዋልተር ጥልፍ ያለበት የስዊስ ሰደርያና አጭር ሱሪ ይዞ መጣ። ጋሼ ዘለቀ ይህን ለብሰው የስዊስ እረኞች የሚነፉትን ረጅም የእንጨት መለከት ይዘው ፎቶ እንዲነሡ ለመናቸው።

«ሰደርያውን እለብሳለሁ» አሉ። «ሱሪውን አልለብስም። የሣጥኑንም ቁልፍ ትሰጠኛለህ።»

ፎቶው በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ከዚያም እንደ ማንኛውም አሳፋሪ ነገር ቴሌግራማችን ላይ ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ግርማ ከሰው መሐል ጠሯቸው። «ጋሼ ዘለቀ፣ ስዊስ ሆኑ አሉ! የራሳችን ታሪክ አነሰዎት?»

«የራሳችንን አጀንዳ ላይ ነው ብላችሁኝ እየጠበቅሁ ነው» አሉ ጋሼ ዘለቀ። «እስኪደርስ የሰው ላንብብ ብዬ ነው።»

ያን ክረምት ቅዳሜዎቼ ሁሉ ኖይሆፍ አለቁ። በክረምት ጎብኚ ስለሌለ ማሞቂያው ይዘጋል። ጋሼ ዘለቀ ካፖርታቸውን ደርበው ከሣጥኑ አንድ አንድ ወረቀት እያወጡ ቀጥታ ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡልኛል፤ እኔ ቁጥር እየሰጠሁ ፎቶ አነሣለሁ። የማላውቃቸው የስዊስ ገበሬዎች በአማርኛ ይጨቃጨቁ፣ በአማርኛ ስለ ዘር እጥረት ያማርሩ ጀመር። አብዛኛው አሰልቺ ነው። ከዚያ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ከሣጥኑ ግርጌ በክር የታሰሩ ደብዳቤዎች አገኙ።

የጻፈቻቸው ባርባራ የምትባል ሴት ናት። ስሟን ሰምቻለሁ። ኖይሆፍ ውስጥ ባርባራ ማለት ልጇን ጥላ ከባቡር ሠራተኛ ጋር የኮበለለች ሴት ናት። ደጅ ላይ በቆመው የመሥራቾች ድንጋይ አሥራ አንድ ቤተሰብ ተቀርጿል፤ የሷ ቤተሰብ የለም። ኤልሲ የባርባራ የልጅ ልጅ ናቸው። ቤተሰባቸው እስከ ሦስት ትውልድ ወደ ውስጥ ሳይጋበዝ በር ላይ የሚቀመጠው በዚያ ሐሜት ምክንያት ነው።

«እህቴ አና፣ አትምጪ» ብለው ማንበብ ጀመሩ ጋሼ ዘለቀ። «ኡልሪክ ሐይቅ አለ ብሎ የጻፈላችሁ ጨው ነው፤ ከብት አይጠጣውም። ለመጠጥ ውኃ ግማሽ ቀን እሄዳለሁ። ያላችሁን እንዳትሸጡ።» ሁለተኛውም ያንኑ ይላል። አራተኛው ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። «ለምን አትመልሺልኝም? ምን ብዬ አስቀየምኩሽ?»

ፖስታዎቹን ገለባበጧቸው። «ቴምብር አለ» አሉ። «ማኅተም የለም። አንዱም አልሄደም።»

ነገሩ ገባን። ቀደም ብለው ባነበቡልኝ ወረቀቶች ላይ፣ ሰው መምጣቱን ካቆመ ባቡሩ ኖይሆፍ አይቆምም ተብሎ ነበር። ስለዚህ ፖስታ ቤቱን የያዘው ሰው «አትምጪ» የሚለውን ደብዳቤ ሁሉ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

ከሥር አንድ ወረቀት ቀረ። አዩትና ወደኔ ዘረጉት። «ይቺን አንቺ አንብቢያት። እንግሊዝኛ ናት።»

በቀጣዩ ከተማ የነበረ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ለኖይሆፍ ፖስታ ቤት የጻፈው ነው። በረዶው ሲቀልጥ ከሐዲዱ አጠገብ የአንዲት ሴት አስከሬን ተገኝቷል ይላል። ካፖርቷ ውስጥ በእናንተ ቋንቋ የተጻፈ፣ ወደ ስዊዘርላንድ የሚላክ ደብዳቤ ነበር፤ ምናልባት ሰዋችሁ ትሆን ብለን አብረን ልከናል ይላል። እስክትመልሱልን ድረስ እዚህ ቀብረናታል ይላል። ከግርጌው በእርሳስ፣ በኡልሪክ እጅ፣ አንድ መስመር ጀርመንኛ ተጨምሯል። ጋሼ ዘለቀ አነበቡት።

«የኛ ሰው አይደለችም ተብሎ መልስ ተጽፏል።»

አብሮ የተላከው ደብዳቤ በክር ከታሰሩት የመጨረሻው፣ የባርባራ ነው። ባርባራ አልኮበለለችም። ደብዳቤዋ በኡልሪክ እጅ እንደማያልፍ ስታውቅ፣ በክረምት፣ በእግሯ፣ ሌላ ከተማ ልትልከው ወጥታ መንገድ ላይ ቀርታለች።

ጋሼ ዘለቀ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰብለ፣ ይቺ ወረቀት እኮ በእንግሊዝኛ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ጀርመንኛ የሚያነብ ጠፋ ብለው ነው አገር የጠሩት። ይቺን ግን ማንም ሊያነባት ይችል ነበር። ክዳኑን ማንሣት ብቻ ነበር።»

«አሁን ለዋልተር እንንገረው?» አልኳቸው።

ጣታቸውን አነሡ። «ይህ መርዶ ነው። መርዶ ለቤተሰብ ነው የሚነገረው፤ ለማኅበር አይደለም።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገርም እሳቸው ያውቃሉ። በማለዳ ነው፣ ሰው ቁርስ ሳይበላ ነው፣ ብቻን አይኬድም። «በሁለት ሰው መርዶ አይሆንም፤ ሦስተኛ ያስፈልገናል» ብለው በቀጣዩ ቅዳሜ መንገድ ላይ ሲጨነቁ፣ «ጋሼ፣ ማንን እንጥራ? ዋልተርን?» አልኳቸው። ከካልጋሪ የወጣነው ገና ሳይነጋጋ ስለነበር ኤልሲ ቤት ስንደርስ ጠዋት አንድ ሰዓት ሆኗል። ኤልሲ በሌሊት ልብሳቸው በሩን ከፍተው ሁለታችንንም በጥቁር ልብስ ሲያዩን «ማን ሞተ?» አሉ።

«አያትዎ» አሉ ጋሼ ዘለቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ኤልሲ አልሳቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ጋሼ ዘለቀም አጠገባቸው ተቀምጠው የጣቢያውን ደብዳቤ ቃል በቃል አነበቡላቸው፤ ከዚያ «አና፣ አትምጪ» የሚሉትን አስከትለው ተረጎሙላቸው። ኤልሲ እጃቸውን የጠረጴዛው ልብስ ላይ እያሸራተቱ ሰሙ።

«ከማንም ጋር አልሄደችም ማለት ነው?» አሉ።

«ከማንም ጋር። ደብዳቤ ልታደርስ ነው የወጣችው።»

«እናቴ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር» አሉ ኤልሲ። «እስክትሞት ድረስ ውሻ በጮኸ ቁጥር መስኮት ጋ ትሄድ ነበር። በሠርጓ ቀን በመንገድ ያለፈች አንዲት ሴት እናቷ መስላት፣ ከነቬሎዋ ሮጣ ተከትላታለች። ሰው አሁንም ይህን እያነሣ ይስቃል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጫማዬን አምጪልኝ» አሉኝ። «የት እንደተቀበረች አሳዩኝ።»

መቃብሩን ያገኘነው በዚያው ቀን ነው። በቀጣዩ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው አሮጌ መካነ መቃብር ዳር የዛገ የብረት መስቀል አለ፤ «ያልታወቀች ሴት» ይላል። ኤልሲ ማጎንበስ ስለማይችሉ ጋሼ ዘለቀ ተንበርክከው ሣሩን በእጃቸው ነቀሉ። ነቅለው ሳይጨርሱ እንደ አገራችን ለቅሶ፣ ጮክ ብለው፣ ሳያፍሩ አለቀሱ። ኤልሲ በምርኩዛቸው ተደግፈው አዩዋቸውና በመገረም «ያውቋት ነበር እንዴ?» አሉ።

«አንብቤያታለሁ» አሉ ጋሼ ዘለቀ።

ቀጥሎ ዋልተር አለ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብቦ ባርኔጣውን ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቀ፤ ራሱ መላጣ ነው። በመጪው የስዊሶች ቀን ለኡልሪክ የነሐስ የመታሰቢያ ሰሌዳ ሊመረቅ ተዘጋጅቶ ነበር። «ዘመኑ ከባድ ነበር» አለ። «ለምን 'ክረምቱ ብዙ ሕይወት ቀጠፈ' ብለን አንጽፍም?»

«ክረምት ደብዳቤ አይደብቅም» አሉ ጋሼ ዘለቀ።

«ታሪካችንን ልታቆሽሽ ነው የመጣኸው?»

«እኔ የመጣሁ ቀን ያደረግሁትን ታስታውሳለህ» አሉት። «ወለሉን አጸዳሁልህ።»

በዓሉ ደረሰ። የሚያሳፍረው ነገር፣ ፕሮግራሙ ቀድሞ ታትሞ ስለነበር ጋሼ ዘለቀ ሰደርያውን ለብሰው «ከመሥራቹ መዛግብት» የሚል ንባብ እንዲያቀርቡ ተይዟል። ዋልተር ሊሰርዛቸው ፈልጎ ድጋፍ ሰጪው መሥሪያ ቤት ለብዝኃነት የላከው ፎቶግራፍ አንሺ መምጣቱን ሲያይ ተወ። ጋሼ ዘለቀ መድረክ ላይ ወጡ፤ የጣቢያውን ደብዳቤ በዚያ በማይለወጠው ድምፃቸው በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመሩ። «አስከሬን» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ዋልተር ለአኮርዲዮን ተጫዋቹ በአገጩ ጠቆመው፤ አኮርዲዮኑም ደመቅ ያለ የጭፈራ ዜማ ጀመረ።

ኤልሲ ከበሩ ወንበራቸው ተነሡ። ምርኩዛቸውን የእንጨቱ ወለል ላይ ሦስት ጊዜ መቱት።

«ዝም አስብለው፣ ዋልተር» አሉ። «ስድሳ ዓመት ለላም ተቅማጥ ቆሜልሃለሁ። አሁን አንተ ለአያቴ ትቆማለህ።»

አኮርዲዮኑ እንደሚተነፍስ ጎማ ቀዝቅዞ ቆመ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ብዙው። ጋሼ ዘለቀ የኡልሪክን የእርሳስ መስመር ጭምር አንብበው ጨረሱ። ዋልተር ቋሊማው እያረረ ነው ብሎ ወጣ። ቋሊማው ገና እሳት ላይ አልተጣደም ነበር።

በሳምንቱ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ስድሳ ሰው ባለበት ቀበሌ ሁለት የስዊስ ቅርስ ማኅበር፣ ሁለት ሊቀመንበር፣ ሁለት ማኅተም፤ አንደኛው ትምህርት ቤቱን ይዞ ቀረ፣ ሁለተኛው ኤልሲ ሳሎን ገባ። እኔማ ስዊሶቹ ሐበሾች መሆናቸውን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ጋሼ ዘለቀን ከሥራ የሚያሰናብት ካርድ በፖስታ መጣ፤ ላዩ ላይ የተራራ ሥዕል አለበት፤ «ውድ ዘሊግ፣ ስላደረግህልን ሁሉ እናመሰግናለን» ይላል። እኔ ተናደድኩ። እሳቸው ግን አገላብጠው አዩትና «ያባረሩት ዘሊግን ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» አሉ። በቀጣዩ ቅዳሜም ኤልሲ ሳሎን ተገኙ። ከዚያ በፊት ግን መኪና ውስጥ ካርዱን አውጥተው ሁለት ጊዜ ሲያነቡት አይቻለሁ። ከፍቷቸው ነበር። የሠሩትን ሥራ በስማቸው የሚያመሰግናቸው ሰው ዕድሜ ልካቸውን ጠብቀው፣ ሲመጣ ለሌላ ሰው መጣ።

ለባርባራ መቃብር ኤልሲ ድንጋይ አሠሩ። ፊደሉን የደረደሩት ጋሼ ዘለቀ ናቸው፤ የማተሚያ ቤት እጃቸው ቦታውን አልሳተም። ስሟ አለ፤ ከሥሩ «ደብዳቤ ይዛ ነበር» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም።

ባለፈው ክረምት ታመሙ። ሆስፒታል ስጠይቃቸው ነርሷን የሕመማቸውን ታሪክ ማን እንደነገራት እየመረመሯት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አረፉ።

አቶ ግርማ ደወሉልኝ። «አንቺ ትቀርቢያቸው ስለነበር የሕይወት ታሪካቸውን ጻፊ፤ እኔ አነባለሁ» አሉ። አንድ ገጽ ጽፌ ላክሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር፤ ለጋሼ ዘለቀ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ኤልሲ ከኖይሆፍ በሰው መኪና መጥተው፣ አንዷ ባለበሰቻቸው ነጠላ ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል። አቶ ግርማ ወረቀቱን ዘርግተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡር አቶ ዘለቀ በጀርመን አገር በምሕንድስና በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀው፣ በካልጋሪ ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ለሃያ ዓመታት በኃላፊነት ከማገልገላቸውም በላይ፣ ለስዊዘርላንድ መንግሥት የታሪክ አማካሪ በመሆን...»

እኔ ሰው ፊት የምናገር ሴት አይደለሁም። ሴኩሪቲ ማሽን ላይ «ጫማዎን ያውልቁ» ከማለት ሌላ ለሕዝብ ንግግር አድርጌ አላውቅም። ግን ስነሣ ታወቀኝ።

«ጽዳት ነበሩ» አልኩ።

አቶ ግርማ ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«ጽዳት ነበሩ። አብረን ነው የሠራነው። ኢንጂነር አይደሉም፤ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። የስዊዘርላንድ መንግሥትም አያውቃቸውም። አንዲት የሞተች ሴት ደብዳቤ አንብበው ዘሯን ከሐሜት አወጡ። ይኸው ነው የጻፍኩት፤ እባክዎን እሱን ያንብቡት።»

ጉንጬ ይነዳል። ካህኑ ሳይቀሩ ወለሉን ያያሉ። ኤልሲ አማርኛ ባይሰሙም ፊቴን አይተው ምርኩዛቸውን ወደ አቶ ግርማ አቀኑ። አቶ ግርማ ወረቀቱን አጣጥፈው፣ ከኪሳቸው የኔን ገጽ አወጡና አነበቡት። ድምፃቸው እንደ ልማዳቸው አልደመቀም፤ ግን አንድ ቃል አልዘለሉም።

ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ ሳህኔን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ። ከእንግዲህ ማንም አያናግረኝም ብዬ ነበር። መጀመሪያ ሁልጊዜ «ኤርፖርት ኦፊስ ነኝ» የምትል አንዲት ሴት መጥታ ጆሮዬ ላይ «እኔም እኮ ጽዳት ነኝ» አለችኝና ሄደች። ከዚያ ቤልትላይን ሰፈር ሬስቶራንት አለው የሚባል ሰው፣ ሬስቶራንቱ ውስጥ ሳህን እንደሚያጥብ ነገረኝ። የአቶ ግርማ ባለቤት ሳይቀሩ ምስር ሊጨምሩልኝ መጥተው፣ «ግርማ ባንክ ትሠራለች እያለ ያስወራል እንጂ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ነው፤ እሱ እንዳይሰማ» አሉኝ።

በመጨረሻ አቶ ግርማ ራሳቸው መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው ግራ ቀኝ አዩ።

«አሥራ አንድ ዓመት» አሉ በሹክሹክታ፣ «የአውሮፕላን ሽንት ቤት ፍሳሽ ስመጥጥ ነው የኖርኩት። ባለቤቴ እንኳ በደንብ አታውቅም።»

«ይጻፉት ታዲያ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

አቶ ግርማ ያን ያጣጠፉትን የራሳቸውን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው፣ ባዶ ጀርባውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ እስክሪብቶ ጠየቁኝ።